ማኅተም ላይ ማኅተም፦ ዐሥር ቀን በዴካን

ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ። ሙምባይ

ሌሊቱን ከቦሌ ተነሥቼ ማለዳ ሙምባይ ገባሁ። ሹራቤን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ሳልወጣ አወለቅሁት። ሰዓቴን ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ፊት አዞርሁ፤ ያቺ «ተኩል» እያሳቀችኝ ታክሲ ፍለጋ ወጣሁ።

ህንድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ፊልሙ ነው። ለእኔ ትዝ የሚሉኝ በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ናቸው። ጠመኔውን በሁለት ጣት ይዘው «ቁጥር የአገሬ ልጅ ነው» ይሉን ነበር፤ እኛም የሚያሾፉብን ይመስለን ነበር። ወደዚህ ያመጣኝ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን ስሙን ያልነገረን ጸሐፊ ለነጋዴዎች በግሪክኛ ባዘጋጀው የባሕር መምሪያ ወደ አዱሊስ የሚገባው ሸቀጥ ሲዘረዘር፣ ከአሪያኬ ውስጠኛ አገር የሚመጣ የህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይነሣል። አዱሊስ የአክሱም ደጅ ናት፤ እሷን እናውቃታለን። አሪያኬ ደግሞ ዛሬ ከጉጃራት ወደ ማሃራሽትራ የሚወርደው የባሕር ዳርቻ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ጨርቁ በማን አገር አልፎ፣ ለማን ቀረጥ ከፍሎ እንደመጣልን ነው።

መምሪያው የአሪያኬን ንጉሥ ማንባኖስ ይለዋል። የታሪክ ሰዎች ይህን ሰው ናሃፓና ነው ይሉታል። ናሃፓና ምዕራባዊ ክሻትራፓዎች ከሚባሉት ወገን ነው፤ እስኩቴስ ናቸው፣ አባቶቻቸው ከመካከለኛው እስያ ሜዳ በፈረስ የወረዱ። በስተ ምሥራቅ፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ዙሪያ፣ የዴካን፣ የደቡብ ህንድ ሰፊ ደጋ፣ ተወላጆች የሆኑት ሳታቫሃናዎች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ቤቶች ወደቡን፣ የተራራውን በርና ገዳማቱን እየተነጣጠቁ ኖሩ። የእኔ ዕቅድ ያችን የድንበር አገር ከባሕሩ ጀምሬ ወደ ደጋው መውጣት ነው።

ጥር 5፣ ሰኞ። ሙምባይ

የካንሄሪ ዋሻዎች ሰኞ ዝግ ናቸው። ይህን ያወቅሁት በሩ ላይ ነው። ከመነሣቴ በፊት ለመጠየቅ የሰነፍሁት እኔ ስለሆንሁ የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ለነገ ይዤው የነበረውን ቀጠሮ ወደ ዛሬ አመጣሁት። የጓደኛዬ ወዳጅ የሆኑ ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሮጌ ሳንቲም ሰብስበዋል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻይ በወተት ቀርቦ ከተጠጣ፣ እጃችንን ታጥበን ካደረቅን በኋላ ነው ሳጥኑ የተከፈተው።

ያሳዩኝ ብር ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በማጉያ መነጽር ስመለከተው መጀመሪያ የታየኝ ሦስት ቅስት ያለው ኮረብታ ነበር፤ አንዱ ቅስት በሁለቱ ላይ ተቀምጧል። «ቆይ፣ አዙረው» አሉኝ። በብርሃን አቅጣጫ ሳዞረው ከኮረብታው ሥር አፍንጫ ወጣ። ከዚያ አገጭ። ከዚያም የሰው ራስ፣ በዙሪያውም የተሰባበሩ የግሪክኛ ፊደላት። በጀርባው አራት ክብ የታሰረበት መስቀል ተመትቷል፤ ከመስቀሉ ሥር የቀድሞው ፍላጻ ጫፍ ይታያል።

የሰውየው ራስ የናሃፓና ነው። ናሃፓና ስሙን በሦስት ጽሕፈት ያስመታ ነበር፦ በግሪክኛ፣ በብራህሚና በካሮሽቲ። ኮረብታውና መስቀሉ ደግሞ ያሸነፈው የሳታቫሃናው ንጉሥ የጎታሚፑትራ ሳታካርኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1906 በናሺክ አቅራቢያ ጆጋልቴምቢ በምትባል መንደር ከ13,000 በላይ የናሃፓና ብር በአንድ ቦታ ተገኘ፤ ከዚያ ውስጥ ከ9,000 የሚበልጠው እንዲህ ማኅተም ላይ ማኅተም የተደረበበት ነበር።

«ለምን አላቀለጠውም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጠላትህን ካቀለጥኸው ማን ያይልሃል?» አሉኝ። ቀጥለውም በደብረ ዳሞ ስለተገኘው ወርቅ ጠየቁኝ። በገዳማችን ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸውን ከእኔ አጥርተው ያውቁታል። ኩሻኖች የነገሡት ከዚህ ርቆ በሰሜን ነው፤ ቢሆንም ሽማግሌው ዘመዴን ያገኙ ያህል በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሸኙኝ።

ጥር 6፣ ማክሰኞ። ካንሄሪ

ዛሬ በዓል ነው፤ ማካር ሳንክራንቲ። ሰማዩ በወረቀት ካይት ተሞልቷል። በባቡሩ ውስጥ የማላውቃቸው እናት ከፌስታላቸው ድቡልቡል ጣፋጭ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ቲልጉል ግያ፣ ጎድ ጎድ ቦላ» አሉኝ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ተረጎመልኝ፤ ሰሊጡንና ስኳሩን ውሰድ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ተናገር ማለት ነው። የሸንኮራ ጭማቂ ተነጥሮ ከሰሊጥ ጋር የተድቦለቦለ ነው። ከቡና ጋር ቢቀርብ አገሬ የሚያስታውስ ነበር።

ካንሄሪ ከሙምባይ ጫካ ውስጥ ነው። ከ100 በላይ ዋሻ በጥቁር ድንጋይ ኮረብታ ላይ ተፈልፍሏል፤ ስሙም ጥቁር ተራራ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ማወዳደሩ አይቀርም፤ እኔም አወዳደርሁ፣ ወዲያውም ተውሁት። ላሊበላ ድንጋዩን ከዙሪያው ነጥሎ ሕንፃ ያወጣል፤ እዚህ ተራራውን ሰርስረው ይገቡበታል። ዕድሜውም የሺህ ዓመት ልዩነት አለው። ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው፦ ውኃው። በኮረብታው ገላ ላይ እንደ ሹሩባ የሚወርድ ቦይ ተቀርጿል፤ የክረምቱ ዝናብ በቦዩ ወርዶ በእያንዳንዱ መነኩሴ በኣት ደጅ በተፈለፈለ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ጥር ላይ ሆኖም ውኃ አለው።

ከእነዚህ ጉድጓዶች በአንዱ አናት ላይ የተጎዳ ጽሑፍ አለ። ለእሱ ነው የመጣሁት። የጥበቃ ሠራተኛው በጣቱ ባያሳየኝ አልፈው ነበር። ጽሑፉ ሳቴራካ የተባለ ባለሥልጣን ስላስቆፈረው የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ይናገራል፤ የሳታቫሃናው ንጉሥ የቫሲሽቲፑትራ ሳታካርኒ ንግሥት ትጠቀሳለች። ንግሥቲቱ የማን ልጅ ናት? የካርዳማካ ዘር፣ የታላቁ ክሻትራፓ የ«ሩ...» ልጅ። ቀሪው ስም ተፍቋል፤ ሊቃውንት ሩድራዳማን ብለው ሞልተውታል። እስኩቴሱ ንጉሥ ሴት ልጁን ለባላንጣው ቤት ድሯል ማለት ነው።

ሩድራዳማን ራሱ በ150 እ.ኤ.አ. ገደማ በጉጃራት ጁናጋድ ባስቀረጸው ጽሑፍ የደቡቡን ጌታ ሳታካርኒን ሁለት ጊዜ በጦር ሜዳ እንዳሸነፈው፣ ነገር ግን ዝምድናቸው ቅርብ ስለሆነ እንዳላጠፋው ይናገራል። የእኛ መሳፍንት ቢያነቡት እንግዳ አይሆንባቸውም፤ አማች ይወጋል እንጂ አይነቀልም።

ሌላም አለ። ሳታቫሃናዎች፣ የአገሩ ልጆች፣ የሚጽፉት ሕዝቡ በሚናገረው ፕራክሪት ነበር። ያንን የጁናጋዱን ረጅም የንጉሥ ጽሑፍ በጠራ ሳንስክሪት ያስጻፈው መጤው እስኩቴስ ነው። የዚህች የካንሄሪ ጉድጓድ ጽሑፍም በሳንስክሪት ነው። ሙሽራይቱ ከጥሎሿ ጋር ቋንቋም ይዛ የመጣች ይመስለኛል።

ጥር 7፣ ረቡዕ። በባቡር ወደ ሎናቫላ

ባቡሩ ካልያን ጣቢያ ሲደርስ ሰው በሰው ላይ ተጫነ። ይህች በባቡር ሐዲድ የተተበተበች ከተማ በባሕሩ መምሪያ ካሊያና ተብላ ተጽፋለች። ቀድሞ የታወቀ የንግድ ወደብ ነበረች፤ ሳንዳኔስ የሚሉት ከያዛት ወዲህ ግን ንግዱ ታግዷል፣ በስሕተት እዚያ የሚደርሱ የግሪክ መርከቦችም በዘብ ታጅበው ወደ ባሪጋዛ ይወሰዳሉ ይላል። ባሪጋዛ የናሃፓና ወደብ ናት፣ የዛሬዋ ባሩች። ኬላ ዘግቶ ነጋዴን ወደ ራስ ቀረጥ መንዳት ነው፤ ጦርነቱ ስለ ቀረጥ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በፑኔ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረው የእህቴ ልጅ ሎናቫላ ጣቢያ ጠበቀኝ። ከስቷል። እናቱ የላከችለትን በርበሬና ሽሮ ከእጄ ተቀብሎ አሸተተና ስለ እኔ ጤና መጠየቅ ረሳ።

ጥር 8፣ ሐሙስ። ካርላ

ደረጃው በሰው ተጨናንቋል፤ አብዛኛው ግን ወደ ዋሻው አይደለም የሚሄደው። ከዋሻው በር ፊት ኤክቪራ የምትባል የእናት አምላክ መቅደስ አለ፤ ዓሣ አጥማጆቹ የኮሊ ሰዎች ይሳለሟታል። ኮኮናት፣ አበባና ቀይ ዱቄት ይሸጣል። ጥንታዊውን የቡድሃ ቤተ ጸሎት ለማየት በአዲሷ አምላክ ወረፋ መካከል ማለፍ ግድ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ጫጫታው ከኋላ ይቀራል። ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት፣ 14 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ሁሉም ከአንድ ተራራ ሆድ የወጣ። ጣሪያው ላይ እንደ ተገለበጠ ጀልባ የጎድን አጥንት የተደረደረው ቅስት እንጨት ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ እዚያው የቆየ። ድንጋዩ ጣሪያ ራሱን ችሎ ሳለ እንጨቱ ለምን ተጨመረ? የቀድሞ አዳራሾች የሚሠሩት በእንጨት ስለነበር ነው። በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ የተቀረጹትን የእንጨት ወጋግራዎች ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ እጅ የለመደውን በቀላሉ አይተውም።

የእህቴ ልጅ ምሰሶዎቹን በስልኩ መብራት እየዞረ አበራ። በብዙዎቹ ምሰሶዎች ላይ የሰጪው ስም አለ። አዳራሹን ያስፈጸመው የቫይጃያንቲ ባለጸጋ ቡታፓላ ሲሆን፣ በመላው ጃምቡድቪፓ (በህንድ ምድር ማለቱ ነው) ከዚህ የሚበልጥ የዓለት ቤት የለም ብሎ አጽፏል። ትሕትና አላስቸገረውም። ምሰሶዎቹ ግን የተከፋፈሉ ናቸው፤ የአንዱ መባ ከአናጢ፣ የሌላው ከነጋዴ፣ ከመነኩሴ። በርካቶቹ ዴኑካካታ ከምትባል ከተማ የመጡ «ያቫና» ናቸው።

«ያቫና ምንድን ነው?» አለኝ።

«ግሪክ። ዘፍጥረት ምዕራፍ ዐሥር ላይ ያዋን የሚለውን አላነበብህም? ያው ቃል ነው።»

«እና እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንዱ ሲሃዳያ ይባላል፤ ሌላው ዳማ። እነዚህ የህንድ ስሞች ናቸው። ወይ ግሪኮቹ ስማቸውን ለውጠዋል፣ ወይ ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደዋል፣ ወይም «ያቫና» ለማንኛውም ከምዕራብ ለመጣ ነጋዴ የሚሰጥ መጠሪያ ሆኗል። ክርስትና ስም የተቀበለ ፈረንጅ ትዝ አለኝ። ያም ሆነ ይህ ምሰሶው እንደ ጎረቤቱ ምሰሶ ነው፤ ከፍም ዝቅም አላለም።

በበሩ አካባቢ ካሉት ጽሑፎች ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። በአንደኛው የናሃፓና አማች ኡሻቫዳታ ካራጂካ የምትባል መንደር ለገዳሙ መነኮሳት ይሰጣል። በእኛ ቋንቋ ጉልት ነው፤ የመንደሯ ግብር ለመነኮሳቱ መተዳደሪያ ይሆናል። በሁለተኛው የሳታቫሃናው ንጉሥ በአካባቢው ላለው ሹሙ ይጽፋል፤ ያችኑ መንደር ለእነዚያው መነኮሳት ሰጥቻለሁና እንዳትነካ። አሸናፊው ጉልቱን አልሻረም። ማኅተሙን ብቻ ደረበበት። የሰኞው ብር እዚህ በድንጋይ ተጽፎ አገኘሁት።

ጥር 9፣ ዓርብ። ጁናርና ናኔጋት

በኪራይ መኪና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። በጁናር ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ ከ200 በላይ ዋሻ አለ፤ ሁሉንም ለማየት ሳምንት ይጠይቃል፣ እኛ ሦስት ሰዓት ሰጠነው። ከሁሉም በልቤ የቀረችው የአንድ መስመር ጽሑፍ ናት፦ ያቫናው ኢሪላ ሁለት የውኃ ጉድጓድ ሰጠ። ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ውኃ ነው።

ናኔጋት የዴካን ደጋ ጠርዝ ነው። መንገዱ በተሰነጠቀው አለት መካከል ይገባና ድንገት አገሩ ከእግር ሥር ይጠፋል፤ ከታች ኮንካን የሚባለው ቆላ፣ ከዚያ በጉም የተሸፈነ ባሕር አቅጣጫ። የሰሜን ተራሮችን ገደል ያየ ሰው እዚህ ጉልበቱ የሚርደው በትዝታ ነው። ከካልያን ወደ ደጋው የሚወጣው ሸቀጥ በዚህች በር ያልፍ ነበር። በመንገዱ ዳር ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ትልቅ ጋን አለ፤ ቀራጮቹ ሳንቲም ይጥሉበት ነበር ይላሉ። ጋኑን ፎቶ ሳነሣ ዝንጀሮ የእህቴን ልጅ ሙዝ ከነፌስታሉ ወሰደበት። «ቀረጥ ነው» አልሁት።

ከበሩ ጎን ያለው ዋሻ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ግን ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል። ያስጻፈችው ናጋኒካ የምትባል ንግሥት ናት፣ የቀዳማዊ ሳታካርኒ ሚስት። የንጉሣዊ ቤተሰቡ ምስሎች በኋላው ግድግዳ ላይ ተቀርጸው ነበር፤ ዛሬ የቀሩት ስሞቹና ጥቂት እግሮች ናቸው። ንግሥቲቱ ስለ ራሷ የምትለው አጭር ነው፤ እንደ ባሕታዊ ትኖራለች፣ ወር ሙሉ ትጾማለች። ከዚያ በኋላ የመሥዋዕቱ ዝርዝር ይመጣል፦ ይህን ያህል ላም፣ ፈረስ፣ ዝሆን፣ ይህን ያህል ካርሻፓና የሚባል ገንዘብ ለካህናቱ ተሰጠ። አጠገቡ የቡድሃ መነኮሳት ዋሻዎች ሞልተው ሳለ ይህ ንጉሣዊ ቤት በቬዳ፣ በጥንቱ የህንድ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ሥርዐት ይሠዋል፤ ለመነኮሳቱም ይሰጣል። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አልከለከለውም።

መምህሬን ያስታወስሁት እዚህ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ከጥንቶቹ የህንድ አኃዞች ናቸው፤ ዛሬ ዓለም የሚቆጥርባቸው ከእነሱ ወርደዋል። ዜሮ የለም። ለዐሥር የራሱ ምልክት፣ ለሃያ የራሱ፣ ለመቶ የራሱ አለው። አራት መቶ ለመጻፍ የመቶውን ምልክት ይቀርጽና አራትን ይቀጥልበታል። አፈር ላይ ተንበርክኬ በጣቴ ፬፻ ብዬ ጻፍሁለት ለእህቴ ልጅ። የግእዝ አኃዝ መልኩን ከግሪክኛ ፊደላት ነው የወሰደው፤ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። አሠራሩ ግን አንድ ነው። አንድ ዓይነት ችግር የገጠማቸው ሁለት ጸሐፊዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት መላ መቱ። «እርስዎ ደግሞ የትም ቢሄዱ ጥቁር ሰሌዳ አያጡም» አለኝ ጉልበቴን እያራገፈልኝ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ። ወደ ናሺክ

መንገድ ብቻ። የሽንኩርት ማሳ፣ የወይን ተክል፣ የጭነት መኪና ጡሩምባ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ እርጥብ ሲሆን የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፤ የእኛ መረሬ። ጥጥ ይወዳል። ወደ አዱሊስ የሄደው ጨርቅ ከዚህ መሰሉ ጭቃ መብቀሉን ሳስብ መኪና አስቁሜ አንድ እፍኝ አነሣሁ። ሹፌሩ የሆዴን ሳያውቅ «ችግር አለ ጌታዬ?» አለ።

ዛሬ በአገራችን ከተራ ነው።

ጥር 11፣ እሑድ። ናሺክ

ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ጎዳቫሪ ወንዝ ወረድሁ። የሂንዱ ምእመናን ራምኩንድ በሚባለው መጠመቂያ በየማለዳው ይነከራሉ። እኛ ዳር ቆመን በስልክ የጃን ሜዳን ዝማሬ እየሰማን ነበር። አንድ አረጋዊ ነጠላዬን አይተው በምልክት ግባ አሉኝ። በምልክት ጉንፋን ይዞኛል አልኋቸው። ውሸት ነበር፤ ቀኑ ቀን ስለሆነ ወንዝ ለወንዝ መቀላቀሉ አላማረኝም ነበር እንጂ። ሳምንት ሙሉ መቀላቀልን ሳደንቅ ሰንብቼ ይህን ማለቴ ለራሴም ገርሞኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፓንዳቭሌኒ ወጣን። ከከተማው በስተ ደቡብ ሾጣጣ ኮረብታ ላይ 24 ዋሻዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ሁለቱ ባላንጣዎች የተገናኙት እዚህ ነው፤ በአንድ ረድፍ፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት።

አሥረኛው ዋሻ የናሃፓና ወገን ነው። የዲኒካ ልጅ ኡሻቫዳታ ያስፈለፈለው ሲሆን፣ ሚስቱ የናሃፓና ልጅ ዳክሻሚትራም ስሟ ተቀርጿል። እስኩቴስ ሰው ነው፤ ጽሑፉን ላነበበ ግን ለብራህማናት ካህናት ላምና መንደር የሰጠ፣ በወንዝ ላይ ያለ ክፍያ የሚያሻግር ጀልባ ያቆመ፣ ለቡድሃ መነኮሳት ዋሻ የፈለፈለ ህንዳዊ ደግ ሰው ነው። እኔ የወደድሁለት የሒሳብ ችሎታውን ነው። 3,000 ካርሻፓና ለገዳሙ አኖረ። ገንዘቡን ግን ለመነኮሳቱ አልሰጠም፤ በከተማው ላሉ የሸማኔ ማኅበራት አበደረው። 2,000ው በአንደኛው ማኅበር በወር ከመቶ 1፣ 1,000ው በሌላው በወር ከመቶ ሦስት ሩብ ይወልዳል። ዋናው አይመለስም፤ የሚበላው ወለዱ ነው። በዋሻው ክረምቱን ለሚያሳልፉ ሃያ መነኮሳት ለእያንዳንዳቸው በዓመት 12 ካርሻፓና የልብስ ይከፈላል። የእህቴ ልጅ በስልኩ አባዛው፦ 2,000፣ ከመቶ 12 በዓመት፣ 240። ለሃያ ሲካፈል 12። ልክ መጣ።

ሁለት ሺህ ዓመት አልፎት ሒሳቡ ልክ ሲመጣ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ይከብደኛል። ያ ገንዘብ የሸማኔዎቹ መሥሪያ ካፒታል ነበር። መነኩሴው የሚለብሰው፣ ነጋዴው ወደ ባሕር የሚያወርደው ጨርቅ ከአንድ ሸማ ቤት ይወጣ እንደነበር መገመት አይከብድም።

ሦስተኛው ዋሻ የሳታቫሃናዎቹ ነው። ስድስት ግዙፍ ሰዎች ከወገባቸው ከመሬት ወጥተው የፊቱን በረንዳ በትከሻቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው የደከመ ነው። ከበላያቸው በንጉሥ ፑሉማቪ 19ኛ የንግሥና ዓመት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አለ። ተናጋሪዋ አያቱ ጎታሚ ባላሽሪ ናት፤ ልጇን ጎታሚፑትራን ታወድሳለች። «ጎታሚፑትራ» ማለት ራሱ የጎታሚ ልጅ ማለት ነው፤ በዚህ ቤት ነገሥታቱ በእናታቸው ስም ይጠራሉ። ነገሩ ሙሾም ፉከራም ነው። ፈረሶቹ የሦስት ባሕር ውኃ የጠጡለት፤ እስኩቴሶችን፣ ያቫናዎችንና ፓህላቫዎችን (ፓርታውያንን) ያጠፋ፤ የናሃፓናን ዘር ከሥሩ የነቀለ፤ አራቱ የሕዝብ መደቦች እንዳይደባለቁ የጠበቀ። አልቃሽ እናት ልጇን ስታወድስ ማንም በማስረጃ አይሞግታትም።

እኔ ግን ማክሰኞ ዕለት ካንሄሪ ነበርሁ። መደባለቅን ከከለከለው ከዚያው ቤት የተገኘ ንጉሥ የእስኩቴስ ልጅ አግብቷል። ከሷ ጽሑፍ ዝቅ ብሎ ደግሞ ልጇ ራሱ በነገሠ በ18ኛው ዓመት የጻፈው ትእዛዝ አለ፦ ቀድሞ ኡሻቫዳታ ይዞት የነበረውን 200 ኒቫርታና (የመሬት መለኪያ ነው) እርሻ ለመነኮሳቱ ሰጥቻለሁ። ነቀልሁት ያለውን ሰው ስም እንደ ድንበር ምልክት ይጠቀምበታል። በ24ኛው ዓመት ሌላ ደብዳቤ ይከተላል፤ የሰጠናችሁ እርሻ አይታረስም፣ መንደሩም ሰው አይኖርበትም፣ ስለዚህ በምትኩ በከተማው ጠርዝ ካለው የንጉሥ መሬት 100 ኒቫርታና ውሰዱ ይላል። መነኮሳቱ ስድስት ዓመት ደጅ ጠንተዋል ማለት ነው። ይህን ያነበብሁት ከፉከራው በኋላ ስለነበር ብቻዬን ሳቅሁ።

ከመውረዳችን በፊት አሥራ ሰባተኛውን አየን። ያስፈለፈለው ከሰሜን፣ ከዳታሚትሪ ከተማ የመጣ ያቫና ነው፤ ስሙ ኢንድራግኒዳታ፣ የአባቱ ዳማዴቫ። ግሪካዊ፣ በሁለት የቬዳ አማልክት ስም የተሰየመ፣ ለቡድሃ መነኮሳት ዋሻ የሰጠ። ዓይነቱን ለመመደብ መዝገብ ቤት የሚቸገርበት ሰው ነው።

ጥር 12፣ ሰኞ። ኩልዳባድ

በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ። ቀድሞ አውራንጋባድ፣ አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የሚባለው ከተማ ገባን። ከጉዞዬ ዘመን ቢወጣም አመሻሽ ላይ ኩልዳባድ ሄጄ የማሊክ አምባርን መቃብር ተሳለምሁ። ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ የመጣ፣ የአሕመድናጋር እንደራሴ ሆኖ ሞጎሎችን ያስጨነቀ ሰው ነው። ቀን የገባንባትን ከተማ ካድኪ ብሎ የመሠረታት እሱ ነው፣ በ1610 እ.ኤ.አ.። በ1626 ሞተ። ጉልላቱ ጠቁሯል፤ በግቢው ፍየሎች ነበሩ። የእህቴ ልጅ ጫማውን አውልቆ ብዙ ቆመ፤ እኔም አላቻኮልሁትም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ። ፓይታን

ፓይታን የሳታቫሃናዎች ዋና ከተማ ፕራቲሽታና ነበረች። የባሕሩ መምሪያ ከባሪጋዛ በስተ ደቡብ የሃያ ቀን መንገድ ያደርጋታል፤ ከእሷ የከበረ ድንጋይ፣ ከሷም ዐሥር ቀን በስተ ምሥራቅ ካለችው ከታጋራ ብዙ ጨርቅ መንገድ በሌለው አገር በሠረገላ ተጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል ይላል። ዛሬ ጸጥ ያለች የወንዝ ዳር ከተማ ናት። ላይኛው ጎዳቫሪ በግድብ ተይዟል፤ ታችኛው ላይ ጎሾች ተኝተዋል። የንጉሥ ከተማ ፍለጋ የመጣ ሰው የሚያየው ጉብታና ሸክላ ስብርባሪ ነው።

ሸማኔ ግን አለ። ፓይታኒ የሚባለው ሳሪ እዚህ ይሸመናል፤ ሐር ከወርቀ ዘቦ ጋር፣ ጠርዙ ላይ ጣዎስ። ይህ ከሳታቫሃናዎች በኋላ የመጣ ጥበብ ነው፤ ዝምድናውን አላስረዝምም። በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቆሟል። ሸማኔው ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ የጣዎሱን አንድ አንገት ለመጨረስ ጠዋቱን ሙሉ ትናንሽ የሐር መጠቅለያዎችን እያሻገረ ሲለቅም ቆይቷል። ዋጋውን ጠየቅሁ፤ ሰማሁ፤ ሻይ ጠጣሁ።

ፀሐዩ ስለከበደ ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጥዬ ነበር። ሸማኔው ሥራውን አቆመና በእጁ አመለከተ። አውርጄ ሰጠሁት። የፊቱን ጥበብ አላየም። ገለበጠው፤ የጥለቱን ጀርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ክሮቹ የሚታጠፉበትን ቦታ በጥፍሩ ጫፍ ተከተለ። የፓይታኒ ጠርዝ በፊትም በጀርባም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በዚያ ነው የሚመዘነው። የእኛ ጥለት በጀርባው ክር ያንጠለጥላል። ለእህቴ ልጅ በማራቲኛ የሆነ ነገር አለው።

«ምን አለ?»

«ጋሼ፣ ጥለቱ አብሮ የተሸመነ ነው ወይስ በኋላ የተሰፋ? እያለ ነው።»

«አብሮ የተሸመነ ነው በለው።»

ነገረው። ሸማኔው ራሱን ወደ ጎንና ጎን ነቀነቀ፤ ያ እዚህ አገር «አዎ» ማለት እንደሆነ ገና አልለመድሁም። ከዚያ አንዱን የተንጠለጠለ ክር በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በጥርሱ ሊቆርጠው ሲል፣ ቀና ብሎ ፈቃዴን ጠየቀኝ።